ቀን ላብ፣ ሌሊት ውርጭ፦ የቦቢን ብርድ ልብስ ለቲማቲሙ ሰጠሁት

ትንሿ ጓሮ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የጓሮና የእንስሳ ወዳጆች። መጸው ሲገባ ደስ ብሎኝ ነበር። እፎይ፣ ከሙቀቱ ተገላገልን ብዬ። አሁን ግን የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስኮተኩት ላቤ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ቴርሞሜትሩ 25 ዲግሪ ይላል። ዛሬ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውሻዬን ቦቢን ይዤ ስወጣ 5 ዲግሪ። ጤዛው ጫማዬን አልፎ ካልሲዬን አራሰው። በአንድ ሌሊት 20 ዲግሪ ወረደ ማለት ነው። ሰው እንኳ ምን እንደሚለብስ ግራ ገብቶታል፣ እንስሳና ተክል ምን ይበሉ?

ጉዳዬ ሁለት ነው። ቦቢ 11 ዓመቱ ነው። ከሳምንት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ይሉታል። አምስት ደቂቃ ከተራመደ በኋላ ይፍታታል። ሌላው፣ ስምንት እግር ቲማቲም አለኝ። ፍሬው እንደ ጉድ ይዟል፣ ግን አንድም የቀላ የለም። ልልቀመው ወይስ ልጠብቀው?

ትናንት ማታ ያደረግኩትን ልንገራችሁና ሳቁብኝ። ውርጭ እንዳይመታው ብዬ የቦቢን ብርድ ልብስ ቲማቲሙን አለበስኩት። ጠዋት በሩን ስከፍትለት እያነከሰ ቀደመኝ። ጫማዬን አስሬ ስደርስ ብርድ ልብሱን ጎትቶ አውርዶ፣ ሁለት ግንድ ሰብሮ፣ እላዩ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቀና ብሎ አየኝ። «የማን መሰለሽ?» የሚል ፊት።

ጭቃ እጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡34

ቦቢ ልክ ነው። ንብረቱ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ የአየር ትንበያው «የሌሊቱ ዝቅተኛ 3 ዲግሪ» ካለሽ ውርጭ የለም ብለሽ አትተኚ። ያ ቁጥር የሚለካው ከመሬት ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ቅጠሉ ያለበት ታችኛው ቦታ ከዚያ በሁለት በሦስት ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ፣ መሬት ቀን ያጠራቀመችው ሙቀት ወደ ላይ ሄዶ ያልቃል። ደመና ካለ ያስቀረዋል። ስለዚህ ማታ ማታ ስልክሽን ብቻ አትይ፣ ውጪና ቀና በይ። ኮከቦቹ ቁልጭ ብለው ከታዩና ቅጠል ካልተነቃነቀ አልብሺ። ጓሮሽ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ ደግሞ ከሁሉም በፊት እዚያ ነው የሚመታው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል።

አለባበሱም ወግ አለው። ጨርቁ ራሱ አያሞቅም፣ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት አፍኖ ይይዛል እንጂ። ስለዚህ እስከ መሬት ድረስ ይውረድ። ከላይ ጣል አድርገሽ ግንዱ ላይ ካሰርሽው ለፍተሽ ቀረሽ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አልብሺው፣ ከመሸ በኋላ የሚታፈነው ሙቀት ትንሽ ነው። ላስቲክ ከሆነ በእንጨት ከፍ አድርጊው፣ የነካው ቅጠል በውርጭ ይቃጠላል። ጠዋት ግለጪው። ከሰዓት በኋላ አፈሩን ውኃ አጠጪ፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል።

ቲማቲሙን በተመለከተ፣ አሁን ያበበው ፍሬ ሆኖ እስኪቀላ ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል። አይደርስም። አበባውንና ጫፍ ጫፉን ቁረጪው፣ ጉልበቱ ለያዘው ፍሬ ይሁን። ሌሊቱ በተደጋጋሚ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ግንዱ ላይ ማቆየቱ ትርፍ የለውም። አረንጓዴነቱ ደብዘዝ ብሎ ወደ ነጭ ያደላውን ልቀሚ፣ እሱ ቤት ውስጥ ይቀላል። ድርቅ ያለው ጥቁር አረንጓዴ ግን ገና ነው። የለቀምሽውን በወረቀት ከረጢት ከበሰለ ሙዝ ጋር አስቀምጪው። ሙዙ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ የሚያቀላው እሱ ነው። ፀሐይ አያስፈልገውም። ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ እንዳታስገቢው!

ጭራ ሐኪም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቦቢን ሳላየው ይህ ነው ልልሽ አልችልም። «ሲነሳ ይገተራል፣ ሲሄድ ይፍታታል» የሚለው ግን በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያ ነገር ነው። ብርዱ ሕመሙን አልፈጠረውም፣ የነበረውን አጎላው እንጂ። አሳዪው። የሚያስታግስ መድኃኒት አለ፣ «እርጅና ነው» ብሎ መተው አያስፈልግም።

እስከዚያ መኝታውን ከባዶ ወለል ላይ አንሺው። ከበር ሥር ነፋስ የሚገባበት ቦታ አይተኛ። ፍራሹ ወፈር ይበል፣ አጥንቱ ወለሉን እስኪነካ የሚሰምጥ ከሆነ ዋጋ የለውም። አንድ ረጅም ጉዞ ከምታስኬጂው ሁለት ሦስት አጫጭር ይሻለዋል። ጥፍሩን እዪ፣ ረጅም ጥፍር በሚያንሸራትት ወለል ላይ እርምጃውን ያበላሽበታል። ክብደቱም ይታይ። አንድ ኪሎ ትርፍ ለሰው ምንም ነው፣ ለቦቢ ግን ሸክም ነው።

አንድ ነገር ግን በእግዚአብሔር፦ የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጪው። አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ድመት ላላችሁ ደግሞ አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል። በየዓመቱ ብርድ ሲገባ «አሳዘነኝ» ብሎ ግማሽ ክኒን የሰጠ ሰው ይመጣል። ማዘኑ ጥሩ ነበር።

ነገረኛው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ኧረ በናታችሁ። ውሻ ፀጉር የተሰጠው ለምን ሆነና? ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ ቀጥሎ ካልሲ ትሠሩለታላችሁ። የእኛ ውሾች ዝናብ ላይ ሲያድሩ ኖረው ማን ሞተ?

ጭራ ሐኪም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

የሞተውን የቆጠረው የለም፣ እሱ ነው ነገሩ።

በከፊል ግን እውነት አለህ። ጤነኛ፣ ወጣት፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ውሻ 5 ዲግሪ ላይ እየፈነጠዘ ይውላል። አሁን ፀጉሩ የሚረግፈውም ታሞ አይደለም። ቀኑ ማጠሩን ሰውነቱ ያውቃል፣ የበጋውን ፀጉር ጥሎ የብርዱን ያበቅላል። በዚህ ሰዓት አትላጩት፣ አበጥሩት። የረገፈው ከውስጥ ተጠላልፎ ከቀረ አየር መያዙ ይቀርና እርጥበት ይይዛል። አሮጌ፣ ቀጭን፣ ፀጉረ አጭር ወይም ቡችላ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከደረቅ ብርድ ይልቅ የሚጎዳው እርጥብ ሆኖ ነፋስ ላይ መቆየት ነው። ጤዛ ላይ ተንከባሎ ከመጣ ሆዱንና የጣቶቹን መሃል በፎጣ አድርቁለት።

ጋሽ ዱባ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። እኔ ሁሌ የምለው፣ መጸውን የሚያመጣው ብርዱ ሳይሆን ብርሃኑ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ መስከረም 12 ወይም 13 ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ። ከምድር ወገብ ራቅ ያለ ሰው፣ 45 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ያለ በሉ፣ በዚያ ሰሞን በየቀኑ ሦስት ደቂቃ ያህል ብርሃን ያጣል። ሦስት ደቂቃ ምናምንቴ ትመስላለች። በሳምንት 20 ደቂቃ ናት። ባለፈው ወር በፀሐይ ውሻ ይዛችሁ የወጣችሁበት ሰዓት በዚህ ወር ጨለማ ይሆናል። ተክሉ ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። ቀኑ ሞቀ ብላችሁ አሁን ማዳበሪያ ብትጨምሩበት ለምለም ቅጠል ያወጣል፣ ያንን ለምለም ቅጠል ደግሞ ውርጭ እንደ ፈላ ውኃ ይቀቅለዋል። ተዉት ይረፍ።

ዱባ ያላችሁ፣ ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘውን እጀታ ከሥሩ ሳትቆርጡ ጣት የምታህል አስተርፋችሁ ልቀሙት። እጀታ የሌለው ዱባ ከዚያው ቀዳዳ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ነጭ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ሞቃት ቀንና ቀዝቃዛ እርጥብ ሌሊት ሲፈራረቁ ይወደዋል። አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውኃ በርዛችሁ ፀሐይ ባለበት ጠዋት ብትረጩት ገና ሲጀምር ያግዛል። ካለቀ በኋላ ግን ቅጠሉን ቆርጦ መጣል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለካ ለዱባም ነው።

አሁን የውሻውን ነገር ላውጋችሁ። ከዓመታት በፊት በዚሁ ሰሞን 40 የቱሊፕ አበባ ሥር ተከልኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤን ይዤ፣ ሙሉ ቀን። ሥሩ እንዲጠነክር ከየጉድጓዱ ሥር የአጥንት ዱቄት ጨመርኩበት። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ መሬቱ የቦምብ ጥቃት የደረሰበት ይመስላል። ውሻዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲምስ አድሯል። 37ቱን አወጣው። እሱ ምን ያድርግ? አርባ ቦታ አጥንት የቀበርኩለት መስሎታል። የቀሩት ሦስቱ በቀጣዩ ዓመት ሲያብቡ እንደ ልጅ ልጆቼ ነበር የማያቸው።

ጭራ ሐኪም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡02

ጋሼ፣ ሳቅኩኝ፣ ግን አስፈሩኝም። በላቸው እንዴ?

ጋሽ ዱባ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

አላኘካቸውም የኔ ልጅ። አጥንት ፍለጋ ላይ ስለነበር ሽንኩርት መሳዩን ነገር እየተፋ ደረደረልኝ። ከዚያ ወዲህ ከተከልኩ በኋላ ከላይ የዶሮ ሽቦ አነጥፌ አፈር አለብሰዋለሁ። አበባው በቀዳዳው ይወጣል፣ መዳፍ ግን አይገባም። የአጥንት ዱቄቱንም ተውኩት።

ጭራ ሐኪም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡44

እግዚአብሔር አትርፎታል። በዚህ ወቅት የሚተከሉ አብዛኞቹ ሥሮች ለውሻ ክፉ ናቸው። ቱሊፕና ዳፎዲል ያስመልሳሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ መርዙ የሚከማቸውም ሥሩ ላይ ነው። ከሁሉም የከፋው በመጸው የሚያብበው ኮልቺኩም ነው፣ እሱ ነፍስ ያጠፋል። ነጭ ሽንኩርት የምትተክሉም ተጠንቀቁ። የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል፣ ድመት ደግሞ ከውሻ የባሰ ትጎዳለች። ቦቢ ቲማቲሙ ላይ በመተኛቱ ግን ምንም አይሆንም። አረንጓዴ ቅጠሉን በብዛት ካልበላ በስተቀር።

ሁለት ድመት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

የውሻ ሰዎች ብቻችሁን አወራችሁ። የእኔዎቹ ሁለቱ ውጭ ብርድ ሲሆን የሚያደርጉትን ልንገራችሁ። ትልቋ ማሞቂያው ላይ ወጥታ እንደ ተሰጣ ልብስ ትንጠለጠላለች። ትንሿ የጎረቤት መኪና ሲቆም ሮጣ ሞተሩ ሥር ትገባለች። ትኩስ ነዋ። ባለፈው ዓመት እንዳትገባ ስንት መከርኳት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፣ ዘንድሮም እዚያው ናት። አሁን ጎረቤቴ ጠዋት ሳያስነሳ በፊት ኮፈኑን ሁለቴ በመዳፉ ይመታል። መኪና ያላችሁ እባካችሁ ይህን ልመዱ።

ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፀረ በረዶ ፈሳሽም አለ። ሰው በዚህ ሰሞን ይቀይረዋል። ጣዕሙ ይጣፍጣል። መዳፏን ነክራበት ብትልሰው እንኳ ለድመት ሊበቃ ይችላል። ኩላሊት ነው የሚጨርሰው። ወለል ላይ ከፈሰሰ በጨርቅ ጠርጋችሁ ብቻ አትተዉት፣ በደንብ እጠቡት።

ቁንጫውስ? ብርድ ገባና ቁንጫ አለቀ ያላችሁኝ ሁሉ አሳሳታችሁኝ። ማሞቂያ ባበራሁ በሳምንቱ ቤቴን ወረረኝ!

ጭራ ሐኪም | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ይከሰታል። እንስሳው ላይ የምታዪው ቁንጫ ትንሹ ክፍል ነው። አብዛኛው እንቁላል፣ ትልና ሙሽሬ ሆኖ ምንጣፍ ውስጥ፣ ሶፋ ሥር ነው ያለው። ሙሽሬው፣ ማለትም ትሉ ቁንጫ ከመሆኑ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ፣ ለወራት ተደብቆ ይቆያል። ሙቀት ሲሰማው ይፈለፈላል። ማሞቂያ አበራሽ ማለት «ኑ ውጡ» አልሽው ማለት ነው። መድኃኒቱን አታቋርጪ፣ ምንጣፉን በቫኪዩም እየደጋገምሽ ምጠጪ፣ መኝታቸውን በሙቅ ውኃ እጠቢ።

ውሻና ድመት አብረው የምታኖሩ ይህን ሁለቴ አንብቡት፦ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ድመትን ይገድላል። ውሻው ተቀብቶ ሳይደርቅ አጠገቧ ከተኛም ያገኛታል። በብርድ ጊዜ ደግሞ ተቃቅፈው ነው የሚተኙት።

መዥገርም አልሄደም። አንዳንዱ ዓይነት 4 ዲግሪ ላይ እንኳ ሰው ወይም እንስሳ ሲያልፍ ይጠብቃል፣ የረገፈ ቅጠል ክምር ይወዳል። ካገኛችሁት በቀጭን መቆንጠጫ ቆዳው ጥግ ድረስ ተጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ዘይት መቀባት፣ ክብሪት ማስጠጋት፣ እነዚህን ተዉ።

አዲስ ገቢ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡48

ሰላም፣ አዲስ ነኝ። በጋውን በረንዳ ላይ ያሳለፉ የአበባ ተክሎቼን መቼ ላስገባቸው? ሞንስቴራ፣ ፖቶስ፣ አንድ ዳይፈንባኪያ አሉኝ። የሦስት ወር ድመት ባለፈው ሳምንት አምጥቻለሁ። ሁሉን ነገር ትነክሳለች።

ጭቃ እጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ሌሊቱ 10 ዲግሪ ሳይነካ አስገባቸው። ከማስገባትህ በፊት ግን የቅጠሉን ጀርባ በደንብ እይ። ነጭ ጥጥ የመሰለ፣ ቀጭን ድር የመሰለ ካለ በሳሙና ውኃ እጠብ። ለሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ለይተህ አስቀምጣቸው። ውኃ ቀንስ። ቤት ውስጥ ብርሃኑ ስለሚያንስ እንደ በጋው አይጠጡም፣ ብዙ ሰው በዚህ ሰሞን ተክል የሚገድለው በጥማት ሳይሆን በውኃ ነው።

ሁለት ድመት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡11

አዲስ ገቢ፣ ሦስቱም ድመት አፍ ውስጥ እንደ መርፌ የሚወጋ ነገር አላቸው። ምላሷ ያብጣል፣ ለሃጯ ይዝረከረካል። አብዛኛውን ጊዜ አይገድላትም፣ ግን ያሰቃያታል። የማትደርስበት ቦታ ስቀላቸው። የማትደርስበት ቦታ የሚባል ነገር ካለ። ሊሊ የሚባለውን አበባ ግን በስጦታም ቢመጣልህ ቤት አታስገባ። ቅጠሉ ብቻ አይደለም፣ ብናኙን ከፀጉሯ ላይ ብትልሰው፣ የተቀመጠበትን ውኃ ብትጠጣው ኩላሊቷ ያበቃለታል።

ከታች በኩል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

እኔ ያለሁት በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ነው። እኛ ጋ መጸው የሚገባው መጋቢት ላይ ስለሆነ አሁን ቲማቲም ልተክል ነው። ለስድስት ወር ይህን ውይይት አስቀምጡልኝ።

ዓሣና ዶሮ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ባጭሩ ሁለት ነገር ልጨምር። ኩሬ ያላችሁ፣ የውኃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ዓሦቹን መመገብ አቁሙ። መፍጨት አይችሉም። ከላይ መረብ ዘርጉ፣ የወደቀ ቅጠል ከሥር ሲበሰብስ አየራቸውን ይጨርሰዋል። ዶሮዎቼ እንቁላል አቆሙ፣ ላባቸው ረገፈ ብላችሁ አትደንግጡ። ብርሃኑ በቀን ከ14 ሰዓት ሲያንስ ይቀንሳሉ። ላባ ፕሮቲን ነው፣ እሱን ጨምሩላቸው።

ትንሿ ጓሮ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡25

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ 31 ቲማቲም ለቀምኩ። ሦስት ከረጢት፣ ሦስት ሙዝ። ጫፉን ቆረጥኩ፣ ቅጠላ ቅጠሉን ኮምፖስት ክምሩ ላይ ደፋሁት። ቦቢ ዓርብ ሳምንት ቀጠሮ ተይዞለታል። ያለውን ፍራሽ እጥፍ አድርጌ ከበሩ አራቅኩለት። መጀመሪያ ዞሮ ዞሮ አሸተተው፣ ተኛበት፣ ተነፈሰ። ያ የሽማግሌ ትንፋሽ።

ትንሿ ጓሮ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡52

እባካችሁ ሰው ካለ። ቦቢ እየተንቀጠቀጠ ነው። ብርድ መስሎኝ አለበስኩት፣ አልተወውም። ጭንቅላቱም እየዘለለ ነው። ሲቆም እንደ ሰካራም ይወላገዳል። አንድ ቦታ ደወልኩ፣ «ጠዋት አምጪው» አሉኝ።

ጭራ ሐኪም | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡55

ጠዋት አይጠበቅም። አሁን ሌሊት የሚሠራ ሌላ ቦታ ፈልጊና ውሰጂው። ለማስመለስ እንዳትሞክሪ፣ የሚንቀጠቀጥ እንስሳ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሆነ ነገር በልቷል? ኮምፖስቱ ክፍት ነው?

ትንሿ ጓሮ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡57

ክፍት ነው። አፉ ላይ አፈር አለ።

ጭራ ሐኪም | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡58

ከክምሩ ትንሽ በላስቲክ ያዢ። «የሻገተ ኮምፖስት በልቶ ሊሆን ይችላል» በያቸው። መኪናው ውስጥ ጸጥ ይበል፣ መብራት አጥፊ። የደረበውን ብርድ ልብስ አውልቂለት፣ መንቀጥቀጡ ራሱ ሰውነቱን ያግለዋል። ሂጂ።

ጋሽ ዱባ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡40

ልጄ፣ ስትደርሺ አንድ ቃል ጻፊልን።

ነገረኛው | ዓርብ፣ ከምሽቱ 5፡15

ምን ሆነ? እየጠበቅን ነው።

ትንሿ ጓሮ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 5፡30

ቤት ገባን። ተኝቷል፣ ግን የጤና እንቅልፍ ነው።

ሙቀቱ 41 ደርሶ ነበር። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት፣ ግሉኮስ ተከሉለት፣ ሌሊቱን እዚያው አደረ። እኔም ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ አደርኩ። የበላው የሻገተ ዳቦ ነው። ከሳምንት በፊት እኔው ነኝ ክምሩ ላይ የጣልኩት፣ «ይበስብስ» ብዬ። ቲማቲሙን ልደፋ ስሄድ ክዳን ያደረግኩበትን ጣውላ አንስቼ አልመለስኩትም። ቀን ሞቀ፣ ማታ ረጠበ፣ ሻጋታው ተመቸው።

በጣም የሚያናድደኝ ብርድ ነው ብዬ ግማሽ ሰዓት ማባከኔ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ብርድ ብርድ ስንል ሰንብተን የለ። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤበት ነበር።

ጭራ ሐኪም | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡02

ተመስገን። በግማሽ ሰዓት ራስሽን አትውቀሺ፣ ብዙ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል። የብርድ መንቀጥቀጥ ሲሞቀው ይቆማል። ካልቆመ፣ መወላገድ ካለው፣ በድምፅ ወይም በንክኪ የሚብስ ከሆነ ብርድ አይደለም።

የሻገተ ዳቦ፣ አይብ፣ ለውዝ ላይ የሚበቅለው አንዳንዱ ሻጋታ ነርቭ የሚያናውጥ መርዝ አለው። ሌሎቻችሁም በዚህ አጋጣሚ ጓሯችሁን አንድ ዙር እዩ። ዝናብ በዘነበ ማግስት የሚወጣውን እንጉዳይ ውሻው ሳያየው ንቀሉ፣ ጉበት የሚያጠፋው ዓይነት ምልክቱ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ወድቆ የፈላ ፍሬ ልቀሙ። አይጥ ብርድ ሲሆን ቤት ስለሚገባ ሰው መርዝ ያስቀምጣል፣ መርዙ ግን አይጥ ብቻ መርጦ አይገድልም። ውሻ ከበላው ደም መፍሰሱ የሚጀምረው ከቀናት በኋላ ስለሆነ «ደህና ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ሜታልዴሃይድ ያለበት የቀንድ አውጣ መርዝም እንዲሁ ያንቀጠቅጣል። የብረት ፎስፌት ያለበት ይሻላል፣ እሱንም ከእንስሳ አርቁ።

ጭቃ እጅ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡30

ኮምፖስት ላይ ዳቦ፣ የተበሰለ ምግብ፣ አይብ አይጣልም፣ ውሻ ባይኖርሽም። አይጥ ይጠራል። የታመመ የቲማቲም ቅጠልም አትጨምሪ። የረገፈ ቅጠል ግን እንደ ልብሽ፣ ለብቻው ቆልለሽ አርጥበሽ ብትተዪው ከዓመት እስከ ሁለት ዓመት ምርጥ አፈር ይሆናል። ክዳኑን ደግሞ በማጠፊያ እሰሪው። ጣውላ ማንሳት ለውሻ ቀልድ ነው።

ነገረኛው | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡10

እሺ፣ ስለ ካልሲው የተናገርኩትን አንስቻለሁ። እኔም ኮምፖስቴን ከፍቼ አየሁት። ዛሬ ክዳን ሠራሁለት።

ትንሿ ጓሮ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ትናንት ማታ ኮከቦቹ ቁልጭ ብለው ነበር። ቅጠል አልተነቃነቀም። ጭቃ እጅ እንዳልከው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት አሮጌ አንሶላ እስከ መሬት አለበስኩት። ጠዋት ሣሩ ነጭ ብሏል፣ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። በሶብላው ተረስቶ ውጭ አድሮ ጠቁሯል። ከአንሶላው ሥር ያለው ቲማቲም ግን ደህና ነው። ከረጢት ውስጥ ካሉት ሦስቱ ቀሉ፣ አንዷን ቆሜ በላኋት።

ቦቢ ሀኪሙ ጋ የዓርቡን ቀጠሮ እየጠበቀ ነው። አዲስ ብርድ ልብስ ገዛሁለት፣ ወፍራም ነው። አሮጌውንም መልሼለታለሁ፣ ታጥቦ።

አሁን ይህን ስጽፍ በመስኮት እያየሁት ነው። አንሶላውን ጎትቶ አውርዶታል።

ጭቃ እጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡26

ዳር ዳሩ ላይ ድንጋይ ጫኚበት።

ትንሿ ጓሮ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡31

ጭኜበት ነበር። አንዱን ድንጋይ ፍራሹ ላይ ወስዶታል።